ጁጂትሱ ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ አወዳደቅ

ሐዋሳ ውስጥ ባህላዊውን የጃፓን የትግል ስልት፣ ጁጂትሱን፣ ለመማር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ገብታችሁ ጀማሪዎቹን ብቻ ተመልከቱ። አሰልጣኙ አወዳደቅ ሳያስተምር ቀጥታ ወደ መጣል ከገባ፣ ሌላ ማሰልጠኛ ቤት ፈልጉ። እውነቴን ነው። ጃፓኖች ይሄን አወዳደቅ ኡኬሚ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1882 ጂጎሮ ካኖ ከጁጂትሱ ተነስቶ የመሠረተው ጁዶም ያለ እሱ አይሆንም።

ወደ ኋላ ስትወድቁ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ሳቡ፤ ጭንቅላታችሁ ወለሉን እንዳይመታ። ትንፋሻችሁን አውጡ። ክንዳችሁን ከጎናችሁ ትንሽ አራርቃችሁ፣ ከመዳፍ እስከ ክርን ባለው ምንጣፉን ምቱ። እጃችሁን ወደ ኋላ ዘርግታችሁ ለመደገፍ ግን በፍጹም አትሞክሩ። የእጅ አንጓና ክርን የሚጎዳው እንዲህ ሲሆን ነው። መጀመሪያ ቁጢጥ ብላችሁ፣ ስትለምዱት ቆማችሁ ሞክሩ። ሲሚንቶ ላይ አይሆንም፤ የሐይቁ ዳር ሣርም ቢሆን ለጀማሪ አይመከርም።

ክንዳችሁ ሲጠመዘዝ ደግሞ ሕመሙ እስኪብስ አትጠብቁ። የጓደኛችሁን ገላ ወይም ምንጣፉን መታ መታ አድርጉ፣ ይለቃችኋል። እሱ ሲመታም እናንተ ወዲያው ልቀቁ። ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ፣ ሰዓትና ቀለበት አውልቃችሁ ግቡ።