ያለ ካቻቢቴ የሚገጠሙ ማብሪያ ማጥፊያዎች፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከጀርባቸው ብሎን የሌላቸው ማብሪያ ማጥፊያዎች ሱቆቻችን ውስጥ በርክተዋል። ሽቦውን ትልጣላችሁ፣ ቀዳዳው ውስጥ ትገፋላችሁ፣ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ይይዘዋል። በቃ። ማንሻ ያላቸው ትንንሽ ኮኔክተሮችም እንደዚያው ናቸው። ማንሻውን ታነሳላችሁ፣ ሽቦውን ታስገባላችሁ፣ መልሳችሁ ትጫኑታላችሁ። እኔ እወዳቸዋለሁ። ሽቦ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብሎን ቀስ በቀስ ይላላል። ስፕሪንግ ግን ሽቦውን እየተከተለ መጫኑን አያቆምም።

ሰዉ ግን “መሣሪያ አይፈልግም” ሲባል ጥንቃቄም የማይፈልግ ይመስለዋል። ብሎን ስታጠብቁ እጃችሁ ይነግራችኋል። ስፕሪንግ ምንም አይነግራችሁም። በደንብ የያዘውም ጨርሶ ያልያዘውም ሽቦ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ስለዚህ ሥራው በሙሉ ያለው ሽቦው ከመግባቱ በፊት ነው። እዚህ ባህር ዳር፣ ከሽምብጥ እስከ ዘጌ ድረስ ግድግዳ በከፈትኩ ቁጥር የሚገጥሙኝን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ባለ ክር ሽቦን ገፍቶ ማስገባት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሽቦ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውስጡ አንድ ወጥ መዳብ ያለው ድፍን ሽቦ ነው። ሌላው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ለስላሳ ሽቦ ነው፤ የኤክስቴንሽን ገመድ ውስጥ ያለው ዓይነት። ከማብሪያው ጀርባ ያለው ቀዳዳ የተሠራው ለድፍኑ ነው። ድፍን ሽቦ ጠንካራ ስለሆነ ስፕሪንጉን ራሱ ገፍቶ ይገባል፤ ስፕሪንጉም መልሶ ይነክሰዋል። ባለ ክሩ ይህን የሚያደርግበት ጉልበት የለውም።

ሰዎች ምን ያደርጋሉ? በጣታቸው ጠምዘዝ አድርገው ይገፉታል። ግማሹ ክር ይገባል፣ ግማሹ ቀዳዳው አፍ ላይ ታጥፎ ይቀራል። ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ይበተናል። መብራቱ ግን ይበራል! መብራቱ ስለበራ ሁሉም ደስ ብሎት ክዳኑን ዘግቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት የገቡት ጥቂት ክሮች ናቸው። እነሱ ይሞቃሉ። ሙቀቱ ስፕሪንጉን ያደክመዋል። የደከመ ስፕሪንግ ይበልጥ ይለቃል፣ የለቀቀው ይበልጥ ይሞቃል። ውጭ የቀሩት ክሮች ደግሞ የጎረቤት ቀዳዳውን ሽቦ ወይም የብረቱን ሳጥን ለመንካት አንዲት ንቅናቄ ይበቃቸዋል።

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ “መብራቱ ይርገበገባል” ብሎ ጠራኝ። ባለቤቱ አምፖል በአምፖል ላይ ሲቀያይር ከርሟል። ማብሪያውን ስነካው የመንጣጣት ድምፅ አለው። ክዳኑን ሳነሳ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ጀርባው ቡናማ ሆኗል፣ ከቀዳዳው አፍ የመዳብ ክር እንደ ጢም ወጥቷል። ጎን ያሉትንም ክፍሎች ከፈትኩ። ያው ነው። አንድ ሰው በአንድ ጥቅል የኤክስቴንሽን ገመድ ሁሉንም ገጥሞ ሄዷል። በየክፍሉ እንግዳ ተኝቶበታል።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። ባለ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው) ድፍን ሽቦ አንድ ስንዝር ቁረጡ። አንዱን ጫፍ ማብሪያው ውስጥ አስገቡ። ሌላውን ጫፍ ማንሻ ባለው ኮኔክተር ከለስላሳው ሽቦ ጋር አገናኙ። ማንሻ ያለው ኮኔክተር ክሮቹ ሳይገፉ ስለሚገቡለት ባለ ክሩን በደንብ ይይዛል። ሌላው መንገድ ፌሩል የሚባለውን ትንሽ የመዳብ ቱቦ ጫፉ ላይ አስገብቶ በራሱ መጨፍለቂያ መጨፍለቅ ነው። ያኔ ግን መሣሪያ ያዛችሁ ማለት ነው። በፒንሳ ጨፍልቄዋለሁ የሚል ካለ እንደገና ይሥራው።

ጀልባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የሞተሩ መንቀጥቀጥ ድፍን ሽቦን ውሎ አድሮ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ ባለ 12 ቮልቱ መስመር በለስላሳ ሽቦ መሠራት አለበት። ለስላሳ ሽቦ ከሆነ ደግሞ ገፍቶ የሚገባ ማብሪያ ጀልባ ላይ ቦታ የለውም። በተጨፈለቀ ተርሚናል የሚገባ ማብሪያ ፈልጉ።

“መብራት ጠፍቷል” ብሎ ሥራ መጀመር

መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ለጥገና ይነሳሳል። “አሁን እንኳ ስለሌለ…” ብሎ ማብሪያውን ይፈታል። ብሬከሩን ግን አልነካም። እባካችሁ፣ መብራት ሲመለስ አያስፈቅድም። ያለ መሣሪያ የሚገጠም ዕቃ ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ በእናንተና በባዶው መዳብ መካከል የካቻቢቴ ፕላስቲክ እጀታ እንኳ የለም። ሽቦውን የያዘው ጣታችሁ ነው።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላም ነገር አለ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ብሬከር ብታወርዱም ትክክለኛውን ማውረዳችሁን ማወቅ አትችሉም። ቴስተሩ የትም ብትነኩት አይበራም። የሳሎኑን ነው ብላችሁ የኩሽናውን አውርዳችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መብራት እስኪመጣ ጠብቁ። ቴስተሩን መጀመሪያ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩት። ከዚያ ብሬከሩን አውርዱና የምትሠሩበትን ሽቦ ፈትሹ። ብሬከሩ ላይ ናስትሮ ለጥፉበት፣ ለቤተሰቡም ንገሩ። ልጅ ቴሌቪዥን ጠፋብኝ ብሎ ብሬከር ሲያነሳ አይቻለሁ። ጀነሬተር ያለው ቤት ከሆነ እሱንም አጥፉ።

አላላጥ

ስንት ሚሊ ሜትር መላጥ እንዳለባችሁ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ጀርባ ላይ በመስመር ተመልክቷል። ሽቦውን እዚያ ላይ አስተኝታችሁ ለኩ። ለምሳሌ ዋጎ የሚባለው ኩባንያ 221 የሚለው ባለ ማንሻ ኮኔክተር 11 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የማብሪያው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ዓይታችሁ ላጡ። ሲያጥር ስፕሪንጉ የሚነክሰው መዳቡን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነው። ሲረዝም ባዶ መዳብ ውጭ ይቀራል። በቢላ ዙሪያውን ስትቆርጡ መዳቡን ከፈተጋችሁት ሲታጠፍ እዚያው ላይ ይሰበራል። ቢላውን አጋድማችሁ እንደ እርሳስ ቅረጹ፤ ከተቻለ መላጫ ግዙ። በጥርስ መላጥ ይቅር።

አሮጌ ቤት ውስጥ የሽቦውን ጫፍ ብሎን ላይ ሲታሰር እንደነበረ ተጠማዞ ታገኙታላችሁ። አቃንታችሁ አታስገቡት። ቆርጣችሁ ጣሉትና አዲስ ጫፍ ላጡ።

ሳይጎትቱ መዝጋት

እያንዳንዱን ሽቦ አንድ በአንድ ያዝ አድርጋችሁ ጎትቱ። ከወጣ መጀመሪያም አልገባም ነበር።

ጥንድ ቀዳዳዎቹን አለማወቅ

ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሲደናገሩ አዝንላቸዋለሁ፤ ዕቃው ራሱ ያደናግራል። ከማብሪያው ጀርባ አራት ቀዳዳ ታያላችሁ፤ ማብሪያው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው። የፌዙን (ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣውን) ሽቦና የአምፖሉን ሽቦ ጥንዱ ውስጥ ከሰካችሁ መብራቱ ጨርሶ አይጠፋም። ፌዝና ኒውትራል (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከሰካችሁ ደግሞ ብሬከሩ ይወድቃል፤ እሱም ጤነኛ ከሆነ ነው። ምልክቱን አንብቡ፣ ከቻላችሁም ከመግጠማችሁ በፊት በመልቲሜትር ፈትሹ።

ያ ትርፍ ቀዳዳ ሌላ ፈተናም ያመጣል፤ ፌዙን ከማብሪያ ወደ ማብሪያ እያሻገሩ መሄድ። ይሠራል። ግን የመጀመሪያው ማብሪያ ሲበላሽ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጨልማል፤ የሁሉም ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያልፈውም በአንድ ትንሽ ስፕሪንግ ነው። ሳጥኑ ውስጥ በኮኔክተር አከፋፍሉና ለእያንዳንዱ ማብሪያ የራሱን ሽቦ ስጡት።

በአንድ ቀዳዳ አንድ ሽቦ ብቻ። ሁለት አይገባም።

ምጣድና ፓምፕ

የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ቢስብ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይሆናል። ያውም እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ለሰዓታት። ጀርባው ላይ 10 አምፔር የሚል የመብራት ማብሪያ ላይ ይህን ማሰር ቤት ማቃጠል ነው። “ኮኔክተሩ 32 አምፔር ይላል” ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ 221 እስከ 4 ካሬ ሽቦ ይይዛል፣ 32 አምፔርም ይችላል። ማብሪያው ግን አይችልም፤ ባለ 1.5 ሽቦውም አይችልም። መስመሩ የሚችለው ደካማው ክፍል የሚችለውን ያህል ነው። ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ፓምፕ ላይ ያለው ስህተት ስውር ነው። ጣሪያ ላይ ሮቶ ያለው ሰው ውሃው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ያስገጥማል። ጥሩ ነገር ነው። ማብሪያው ላይ ግን እንደ 16(8) ያለ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 16ቱ እንደ አምፖልና ማሞቂያ ላለ ጭነት ነው። ቅንፍ ውስጥ ያለው 8 ለሞተር ነው። ፓምፕ ሞተር ነውና የእናንተ ቁጥር 8 ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ሲሠራ በዚያ ውስጥ ያልፋል፤ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል። ትልቅ ፓምፕ ከሆነ ተንሳፋፊው ኮንታክተር (ለከባድ ጭነት የተሠራ፣ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ማብሪያ) ያስነሳ፣ ፓምፑን ኮንታክተሩ ይሸከም።

የተንሳፋፊው ገመድ ለስላሳ ባለ ክር ነው። ስለዚህ ለእሱ የሚሆነው ማንሻ ያለው ኮኔክተር ነው። ያንን ኮኔክተር ታንከሩ ላይ በናስትሮ ጠቅልሎ መተው ደግሞ የሚቀጥለው ስህተት ነው።

እርጥበት

እነዚህ ኮኔክተሮች ውሃ አይከላከሉም። ደረቅ ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጡ ነው የተሠሩት። እዚህ ሐይቅ ዳር ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚዘንበውን ታውቁታላችሁ፤ ናስትሮ አንድ ክረምት ከቻለ ብዙ ነው። ሙጫው ይለቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ናስትሮው ራሱ ውሃውን አምቆ ይይዘዋል። መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል።

ለውጭ ሥራ አይፒ 55 (አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ጽሑፍና የጎማ መዝጊያ ያለው ሳጥን ግዙ። ገመዱን ከላይ አታስገቡ። ከታች ይግባ፤ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ቀለስ ይበል፣ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። ክፍት የቀረውን ቀዳዳ ድፈኑ። ማታ ወደ ብርሃን የሚመጣው ነፍሳት ሸረሪት ያመጣል፤ ሸረሪት ከገባ ድር፣ ድር ካለ አቧራና እርጥበት አለ።

መዳብ የሚመስል አልሙኒየም

ሽቦው ከወትሮው ርካሽና ቀላል ከሆነ ጫፉን በቢላ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ስፕሪንጉ ሲጫነው ይሰረጉዳል፣ ላዩ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን ይፈጥራል። ኮኔክተሩ ላይ የተጻፈው ካሬና አምፔር ለመዳብ ነው። መልሱት። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣውም ሽቦ በብዛት አልሙኒየም ነው፤ እሱ የመብራት ኃይል ሥራ ስለሆነ አትንኩት።

ኒውትራሉን ማቋረጥ

ማብሪያ የሚያቋርጠው ፌዙን ነው። ኒውትራሉን ካቋረጠ መብራቱ ጠፍቶም አምፖሉ ሶኬት ላይ ፌዝ አለ፤ አምፖል የሚቀይረውን ሰው ይነዝረዋል። ኤልኢዲ አምፖል ጠፍቶ ደብዘዝ ብሎ ከበራ አንዱ ጥርጣሬያችሁ ይሄ ይሁን። የሽቦውን ቀለም አትመኑ፣ በቴስተር አረጋግጡ።

ነጥቆ ማውጣት

ሽቦውን ለማውጣት ከቀዳዳው ጎን መጫኛ ወይም ጠባብ ስንጥቅ አለ። እሱን ተጫኑና ሽቦውን ሳቡ። በጉልበት ከነጠቃችሁት ስፕሪንጉ ይጣመማል፣ ሁለተኛ በደንብ አይነክስም። የወጣውን ጫፍ ቁረጡት፤ ተቧጭሯል።

ማያያዣን ልስን ውስጥ መቅበር

ስፕሪንግ አይላላም ተብሎ ኮኔክተሩን ግድግዳ ውስጥ አስገብቶ መለሰን በዝቷል። ማንኛውም ማያያዣ ሰው ደርሶ ሊከፍተው በሚችል ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት። ካልሆነ ችግር ሲመጣ የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ግድግዳውን በመዶሻ መከተል ነው። የሳጥኑ ክዳን ከልስኑ እኩል ሆኖ ይታይ። የቤቱ ባለቤት “ግድግዳዬን አበላሸብኝ” ካሉ ክዳኑን በግድግዳው ቀለም ቀቡላቸው፤ ቀለሙ የክዳኑን ብሎኖች እንዳይደፍን ብቻ ተጠንቀቁ።