ከአልጋ መነሳት ያቃተውን ሕመምተኛ ከአልጋ ቁስል እንዴት እንጠብቀዋለን?

እናቴን ባስታመምንበት ጊዜ ጀርባዋን በየቀኑ እናያለን፤ ካልሲዋን ግን አናወልቅም ነበር። ቁስሉ የወጣው ተረከዟ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ አስታማሚ እንዲህ እንዳይዘናጋ ብዬ ነው።

የአልጋ ቁስል የሚመጣው ቆዳው በአጥንትና በፍራሽ መካከል ተጨቁኖ ደም ሲያጣ ነው። ቀድሞ ነርሶች ጀርባውን በአልኮልና በልዩ ልዩ ቅባት ያሹ ነበር። ዶሪን ኖርተን የተባለች እንግሊዛዊት ነርስ ከባልደረቦቿ ጋር በሆስፒታል የተኙ አረጋውያንን አጥንታ በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ሥራ ግን ከቅባቱ ይልቅ በሰዓቱ ማገላበጥ እንደሚያድን አሳየ።

በመጀመሪያ ገላውን ይዩ። ጠዋትና ማታ የጭራ አጥንትን፣ ዳሌን፣ ተረከዝን፣ ቁርጭምጭሚትን፣ ክርንን፣ የትከሻ አጥንትንና የጭንቅላትን ጀርባ ይመልከቱ። ብዙ መጻሕፍት «መቅላቱን ተመልከት» ይላሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላት በቀላሉ አይታይም፤ ቦታው ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሊል ይችላል። ስለዚህ እጅዎን ይመኑ። በመዳፍዎ ጀርባ ዳብሰው ከአካባቢው ጋር ያነጻጽሩት፤ ከሞቀ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከጠጠረ ወይም ከለሰለሰ፣ ሕመምተኛውም «እዚህ ጋ ያመኛል» ካለ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው። በዚያ ጎን አያስተኙት። አይሹትም፤ ማሸት ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ይጎዳዋል።

ቀጥሎ ማገላበጥ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የአረጋውያን መጦሪያዎች የተካሄደና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ በተኙ ሰዎች ዘንድ በየ2፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ መገላበጥ ቁስል በወጣባቸው ሰዎች ቁጥር ላይ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። መሐሉ የጎደጎደው የቤታችን ፍራሽ ግን እንደዚያ አይደለም፤ 2 ሰዓቱን አይልቀቁ። ሰዓቱንና ጎኑን በወረቀት ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፤ ሌሊቱን ቤተሰብ ይከፋፈለው። የሕመም ማስታገሻ ታዝዞለት ከሆነ፣ ከመገላበጡ ቀደም ብሎ ቢወስድ ይቀለዋል።

ከመንካትዎ በፊት ይንገሩት፦ «አባባ፣ አሁን ወደ ግድግዳው ላዞርዎት ነው።» ሰውነቱ ስለደከመ አይሰማም ማለት አይደለም፤ ሳይነገረው የሚገለበጥ ሰው ይደነግጣል፣ ሰውነቱም ይገትራል።

በዳሌው አጥንት ላይ ቀጥ አድርገው አያስተኙት፤ ከጀርባው የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ደግፈው ወደ 30 ዲግሪ ብቻ ያዘንብሉት። በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ይግባ። ሌላ ትራስ ከባቱ ሥር አድርገው ተረከዙን አየር ላይ ያንጠልጥሉት፤ ወረቀት ከሥሩ ያለ ምንም ችግር ካለፈ በትክክል ተቀምጧል። ወደ ላይ ሲያስጠጉት አይጎትቱ፤ ሁለት ሆነው ከሥሩ በተነጠፈ አንሶላ ያንሱት። መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ መቀመጫ ይጠቅማል ሲባል ይሰማል፤ የክፍተቱ ዳር ቆዳውን ስለሚጨቁነው ይተዉት።

ሽንት ወይም ሰገራ ካመለጠው ወዲያው በለዘብተኛ ሳሙና አጥበው፣ ሳይፈትጉ በፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁና ስስ ቫዝሊን ይቀቡት። ሐኪም ካልከለከለው እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ሽሮ በትንሽ በትንሹ ያብሉት።

ቆዳው ከተቀደደ፣ ውኃ ከቋጠረ፣ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ፣ ትኩሳትም ከመጣ ያን ዕለት ለነርስ ያሳዩት።