በትንሽ ገንዘብ የቦሆ መኝታ ክፍል፦ ለአዲስ መጪዎች፣ በተለይ መንገድ ዳር ሶፋ ላያችሁ

ባለፉት ሦስት ወራት አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ልከውልኛል። ፎቶግራፉ ላይ ከወለሉ ብዙም ከፍ ያላለ አልጋ፣ ግድግዳ የሸፈነ ሰፊ ጨርቅ፣ ከመደርደሪያ ወደ ታች የወረዱ ሐረጎች፣ ጥቃቅን አምፖሎችና ቀለማቸው የማይገጥም ግን አብረው የሚያምሩ ምንጣፎች ይታያሉ፤ ጥያቄውም ያው ነው፦ «የተከራየሁትን ክፍል እንዲህ ለማድረግ ስንት ይፈጃል?» ለሦስቱ በስልክ መልሻለሁ። አራተኛዋ ግን የጠየቀችኝ መንገድ ዳር ያገኘችውን የጨርቅ ሶፋ ከጓደኛዋ ጋር ተሸክማ ክፍሏ ካስገባች በኋላ ስለነበር፣ ነገሩን በጽሑፍ ማስቀመጥ ግድ ሆነብኝ። የምጽፈው የምኖርበትን የዋሽንግተን ዲሲን አካባቢ፣ በተለይም ሜሪላንድን በማሰብ ነው፤ ሌላ ግዛት ያላችሁ የአካባቢያችሁን የኪራይ ሕግ አጣሩ።

እንዲህ ያለው የክፍል አሠራር «ቦሆ» ይባላል፤ ስያሜው የመጣው ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ካለው ከቦሄሚያ ነው። ፈረንሳዮች ሮማ የተባሉትን ዘላን ሕዝቦች (የሮም ከተማ ሰዎችን ማለት አይደለም) ከዚያ የመጡ እየመሰላቸው በዚህ ስም ይጠሯቸው ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ስሙ በፓሪስ ርካሽ ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩ ድኻ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ተላለፈ። እንግዲህ ይህ አሠራር የመጣው ገንዘብ ከሌላቸው ሰዎች ቤት ሆኖ ሳለ፣ ሙሉውን «የቦሆ ስብስብ» ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን በክሬዲት ካርድ የሚገዛ አዲስ መጪ ምን አስቦ እንደሆነ አይገባኝም። በዚያ ላይ ሱቁ የሚሸጥላችሁ ነገር እናቶቻችን ቤት የነበረው ነው። ሰፌድ የሚመስል፣ ነገር ግን በማሽን የተሠራ የግድግዳ ጌጥ በ45 ዶላር ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ» ሲላችሁ በርበሬና ሽሮ ብቻ አትዘዙ፤ አንድ ሰፌድ፣ አንድ ሙዳይ፣ ከተቻለም የዶርዜ ሸማኔዎች የሠሩት አንድ ቡልኮ አስመጡ። አምጪው ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ከሣር የተሠራ ዕቃ መያዙን ለጉምሩክ ይንገር፤ ነፍሳት እንዳይኖሩበት ያዩታል፤ ንጹሕ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሱለታል። መናገር አያስቀጣም፣ መደበቅ ግን ያስቀጣል።

ከጌጡ በፊት ክፍሉን ተመልከቱ። አብዛኞቻችን የምንጀምረው በቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ባለው የቤቱ ክፍል ነው፤ በተለመደው የግንባታ ደንብ መሠረት ደግሞ በቤዝመንት ያለ መኝታ ክፍል ሰው በእሳት ጊዜ ሊወጣበት የሚችል መስኮት ወይም በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ሊኖረው ይገባል፤ የመስኮቱ ደፍም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ ሊርቅ አይገባም። እንዲህ ያለ መውጫ የሌለውን ክፍል «ለጊዜው ነው» ብላችሁ ተከራይታችሁ መጋረጃ ብታለብሱት መኝታ ክፍል አይሆንም። መስኮቱ ካለም ቁም ሣጥን አትደግፉበት፣ ጨርቅም በምስማር አትምቱበት።

ግድግዳው የእናንተ እንዳልሆነም አትርሱ። በሜሪላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች አከራይ በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ማስያዣ መጠየቅ አይችልም፤ ከወጣችሁ በኋላም በ45 ቀን ውስጥ ገንዘቡን መመለስ፣ የሚቀንሰው ካለም በዝርዝር ማስረዳት አለበት። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን የገባችሁ ቀን ግድግዳውን፣ ምንጣፉንና መስኮቱን ፎቶግራፍ አንስታችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ ከላካችሁ ነው። «የአገር ልጅ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚሉኝን ሰዎች መምከር ሰልችቶኛል፤ ማስያዣቸውን ሲከለከሉ ግን ደብዳቤ እንድጽፍላቸው የሚደውሉት እነዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም የወደቅሁበት ጉድጓድ ነው። አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ የወሩ መጨረሻ በሆነ አንድ እሑድ ማታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ ከአንድ ሕንፃ በር ላይ አረንጓዴ የከፈይ ወንበር ተቀምጦ አገኘሁ። ጠርዙን ዙሪያውን የቢጫ ናስ ምስማሮች ተደርድረውበታል፤ መደገፊያው ላይም «በነጻ» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፎበት ነበር። ሦስት መንገድ አሻግሬ ተሸክሜ አስገባሁት፣ ከአልጋዬ አጠገብ አቆምሁት፣ እናቴ በእጇ ፈትላ ያስሠራችልኝን ጋቢ አለበስሁትና ፎቶግራፍ አንስቼ ለእህቴ ላክሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ክንዴ ላይ በመስመር የተደረደሩ ሦስት እብጠቶች ወጡ። የልብስ ሳሙናው ነው ብዬ ሳሙና ቀየርሁ። ቀጥሎ አንገቴ ላይ ወጣ፤ የትራስ ልብስ ቀየርሁ። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ድንገት መብራት ሳበራ የፍራሹ ስፌት ላይ በቀለም እስክሪብቶ የተነጠቡ የሚመስሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አየሁ፤ ከነጠብጣቦቹ አጠገብም በፖም ውስጥ ያለችውን ዘር የምታህል ቡናማ ነገር ወደ እጥፋቱ ስትገባ ደረስሁባት። ትኋን ነበረች። ወንበሩን ገልብጬ ከሥሩ የተወጠረውን ስስ ጨርቅ ስቀደው የቀሩት ዘመዶቿ እዚያ ነበሩ።

ቀጥሎ ያደረግሁት ነገር ሁሉ ስሕተት ነበር። አፍሬ ለአከራዬ ሳልናገር ከሱቅ ተባይ ይገድላል የተባለ የጭስ ቆርቆሮ ገዝቼ ክፍሉ ውስጥ ለቀቅሁ፤ ጭሱ ግን ተባዩ ወደሚደበቅበት ስንጥቅ ስለማይገባ አልጎዳቸውም። ከዚያ መኝታዬን ይዤ ሳሎን መተኛት ጀመርሁ፤ በዚህም ሁለት አብረውኝ የሚኖሩ ልጆችን አስነከስሁ። ትኋን ሰው ሳያገኝ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ክፍሉን ዘግቶ መጠበቅም አያድንም። በመጨረሻ ባለሙያ ሁለት ጊዜ መጥቶ በድርሻዬ 400 ዶላር ከፈልሁ፤ ወንበሩን ከሱቅ በዚያ ገንዘብ አዲስ እገዛው ነበር። የልብስ ዕቃ በሙሉ በማድረቂያ ማሽን በከፍተኛ ሙቀት ይዙር ሲሉኝ ጋቢውን ካጠብሁ በኋላ ከብርድ ልብሱ ጋር አብሬ ከተትሁት። ሲወጣ የልጅ ጋቢ አክሎ ነበር፤ ጥለቱ ተኮማትሮ፣ አራቱ እጥፍ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ካርቶን ደርቋል። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኋትም። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ጋቢው በላስቲክ ታሽጎ ዜሮ ፋራናይት በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ለአራት ቀን ቢቀመጥ ይበቃው ነበር።

ስለዚህ መንገድ ዳር ከተጣለ ዕቃ ጨርቅ፣ ስፖንጅና ፍራሽ ያለበትን አትንኩ፤ ባለቤቱ ጥሩ ሰው ቢሆንም፣ ሠፈሩ የሀብታም ቢሆንም ለውጥ የለውም። ብረት፣ መስታወትና ደረቅ እንጨት ግን መሳቢያውን አውጥታችሁ፣ የብሎን ቀዳዳውንና መጋጠሚያውን በባትሪ ብርሃን አይታችሁ ልትወስዱ ትችላላችሁ። ከጉድዊል ወይም ከሌላ ያገለገሉ ዕቃዎች መደብር የገዛችሁትን መጋረጃና የትራስ ልብስ ክፍላችሁ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ማድረቂያው ውሰዱት፤ በከፍተኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ተባይ ካያችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ።

አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ልታወጡበት የሚገባ ዕቃ አንድ ፍራሽ ነው። ልኩን ሳታውቁ ግን አንሶላ አትግዙ፤ ትዊን 38 በ75፣ ፉል 54 በ75፣ ኩዊን ደግሞ 60 በ80 ኢንች ነው፤ የኩዊን አንሶላ ፉል ፍራሽ ላይ ሲንሸራተት የሚያድር ሰው ብዙ አውቃለሁ። አልጋውን ከዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ እሠራለሁ የምትሉ «ኤች ቲ» (HT) የሚል ማኅተም ያለበትን ምረጡ፤ በሙቀት የታከመ ማለት ነው። «ኤም ቢ» (MB) የሚለው በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለመኝታ አይሆንም። ለጠረጴዛ፣ ለመስታወትና ለመደርደሪያ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል የሚለቁበትን የሜይ ወር መጨረሻ ጠብቁ፤ ቸኩሎ የሚሄድ ተማሪ ዋጋ አይከራከርም።

ክፍሉን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ብርሃን ነው። የቤዝመንት ጣሪያ መብራት ብዙ ጊዜ እንደ ክሊኒክ ነጭ ነው፤ እሱን አጥፍታችሁ ካገለገሉ ዕቃዎች መደብር የተገዛ የቁም መብራት ላይ ማሸጊያው «2700 ኬልቪን» የሚል አምፖል ክተቱ፣ ያኔ ርካሹ ጨርቅ ራሱ ሞቅ ይላል። ግድግዳ የሚሸፍነውን ነጠላ ወይም ጋቢ በመስኮት ጉድባ ውስጥ ተወጥሮ በሚቆም የመጋረጃ ዘንግ ወይም በሁለት ተለጣፊ መንጠቆዎች ላይ በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ስቀሉት። ተክል ከፈለጋችሁ ፖቶስ የተባለው ሐረግ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል፤ ያለው ሰው ከአንጓው በታች ቆርጦ ቢሰጣችሁ በውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሥር ያወጣል፤ ስለዚህ በገንዘብ አትግዙት። ሰፌድና ሙዳይ ግን ከሲሚንቶው ግድግዳ ጋር አታስጠጉ፤ የቤዝመንት እርጥበት በአንድ በጋ ያሻግታቸዋል።

ዕጣንና ቡና ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው። ቡና መቁላት ከፈለጋችሁ ኩሽና ውስጥ የጭስ መሳቢያውን ከፍታችሁ ቁሉ እንጂ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውን በፌስታል አትሸፍኑ፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ቤት ቡና መጠጣት ካቆምሁ ቆይቷል። ክረምት ላይ የምትገዙትን ማሞቂያም በማራዘሚያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፤ የተንጠለጠለው ጨርቅ ቢያንስ ሦስት ጫማ ይራቀው።

ተለጣፊ መንጠቆዎቹን ስትለቁ የምታነሷቸው ከሥራቸው ያለችውን ጅራት ወደ ታች፣ ከግድግዳው ሳታርቁ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ በመሳብ ነው። ወደ ራሳችሁ ከሳባችሁት ቀለሙ አብሮ ይመጣል፤ እኔ ካስያዝሁት ላይ 60 ዶላር የተቆረጠብኝ በዚህ ነው።