አስፈሪ ፊልምን በፌሚኒስት ዕይታ እንዴት መመርመር ይቻላል?

በአስፈሪ ፊልሞች ውስጥ ሴቶች እንዴት እንደሚቀርቡ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የሞቱትን ሴቶችና ወንዶች ከመቁጠር ነው። ቆጠራው ጥፋት ባይኖርበትም ሩቅ አያደርስም። ስለዚህ በሌላ ጥያቄ ይጀምሩ፦ ካሜራው የሚያየው በማን ዐይን ነው?

ፊልሙን በመጀመሪያ እንደማንኛውም ተመልካች እስከ ፍጻሜው ይመልከቱት፤ ፍርሃቱ ራሱ የምርመራው አካል ስለሆነ ሊያመልጥዎት አይገባም። ቀጥሎ ሴት የምትሳደድበትን አንድ ትዕይንት መርጠው፣ ድምፁን አጥፍተው ደጋግመው ይዩት። ሙዚቃውና ጩኸቱ ሲወገዱ ካሜራው ከአሳዳጁ ጋር ይሁን ከተሳዳጇ ወለል ብሎ ይታያል። የፊልም ተመራማሪዋ ሎራ መልቪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ የሆሊውድ ሲኒማ ወንዱን ተመልካች፣ ሴቷን ደግሞ ተመልካች የሚያፈጥባት ምስል እንደሚያደርግ ተከራክረዋል። የ1978ቱ «ሃሎዊን» ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። በመክፈቻው፣ ብቻዋን የሆነች መስሏት ጸጉሯን የምታበጥረውን ልጃገረድ የምናየው በገዳዩ ዐይን ሲሆን፣ ገዳዩ የስድስት ዓመት ወንድሟ መሆኑን የምናውቀው ጭምብሉ ሲነሣለት ነው። እስከዚያ ድረስ ተመልካቹ ሳይጠየቅ ዐይኑን አውሷል።

ከዚያ ሰዓት ይያዙ። ሌላዋ ተመራማሪ ካሮል ክሎቨር ስለት ይዞ ወጣቶችን እያደነ የሚገድል ሰው የሚታይባቸውን፣ ስላሸር የሚባሉትን ፊልሞች ሲያጠኑ፣ የሟቾቹ ቁጥር በተቀራረበበት ፊልም ውስጥ እንኳ የወንዱ ሞት በፍጥነት ወይም ከሩቅ ሲታለፍ፣ የሴቷ ግን በቅርበትና በዝርዝር፣ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚታይ አስተውለዋል። እያንዳንዱ ግድያ ስንት ሰከንድ እንደፈጀና ፊቷ ወይስ ገላዋ እንደታየ በማስታወሻዎ ይያዙ፤ ክርክርዎ የሚቆመው በዚህ ማስረጃ ላይ ነው።

በሕይወት ለምትተርፈው ሴት «የመጨረሻዋ ልጃገረድ» የሚለውን ስም ያወጡላትም ክሎቨር ናቸው። ብዙ ጸሐፍት ይህችን ገጸ ባሕርይ እንዳዩ ድል አገኘን ይላሉ፤ እኔ ግን መቸኮል አይገባም ባይ ነኝ። ክሎቨር ራሳቸው፣ ልጅቷ በአብዛኛው ወጣት ወንድ የነበረው ተመልካች ፍርሃቱን የሚኖርባት ምትክ እንደሆነች ጽፈዋል። ስለዚህ የተረፈችው በራሷ ብልሃት መሆኑን፣ ጓደኞቿ የሞቱት ከፍቅረኛ ጋር ስለተኙ እንደሆነና የመጨረሻውን ምት ማን እንደሰነዘረ ይጠይቁ። በ«ሃሎዊን» የምትተርፈው ሎሪ በጀግንነት ብትታገልም፣ በመጨረሻ ገዳዩን በጥይት የሚመታው ወንዱ ሐኪም ነው።

ጭራቋ ራሷ ሴት ስትሆን ጥያቄው ይለወጣል። የፊልም ተመራማሪዋ ባርባራ ክሪድ በ1993 መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ አስፈሪነቷ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከማሕፀን፣ ከወሊድና ከወር አበባ ነው። በ1976ቱ «ኬሪ» የልጅቷ ኃይል የሚገለጠው ከመጀመሪያ የወር አበባዋ ጋር ነው። ፊልሙ በደሏን እንድንጋራ ያደርገናል፤ ያም ሆኖ ደሟን ከጥፋት ጋር ያቆራኘዋል። ሁለቱን በአንድነት መያዝ ይከብዳል፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን ብቻ የሚጽፍ ግን ፊልሙን አላየውም።

አንድን ፊልም ዳግም ከተሠራው ቅጂ ጋር ማነጻጸርም ብዙ ያስተምራል። በ1968ቱ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ባርባራ የተባለችው ገጸ ባሕርይ በድንጋጤ ደንዝዛ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ትላለች፤ በ1990ው ቅጂ ግን መሣሪያ አንሥታ ትዋጋለች፣ ትተርፋለችም። በሁለቱም ጽሑፍ ላይ የአንድ ወንድ፣ የመጀመሪያው ፊልም ዳይሬክተር የጆርጅ ሮሜሮ እጅ አለበት። የ«ሃሎዊን»ን ጽሑፍ ከዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር ጋር የጻፉት ደግሞ ሴት፣ ዴብራ ሂል ናቸው። እንግዲህ የጸሐፊውን ጾታ ይመዝግቡት እንጂ ፍርድዎን በእርሱ አይዝጉ፤ ወደ ትዕይንቱ ተመልሰው ካሜራው የት እንደቆመ ደግመው ይዩ።