መስታወቱ ላይ የደረቀው ነጭ ነጠብጣብ በምን ለቀቀ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ። የሳሎናችን መስኮት ወደ ጓሮው ነው፤ ቡገንቪሊያ፣ ሎሚ፣ አንድ ትልቅ ኒም። ሙቀቱ ሳይጀምር ሻይ ይዞ እዚያ መቀመጥን የመሰለ ነገር የለም። መስታወቱ ግን ነጭ ነጠብጣብ አወጣና አትክልቱ ሁሉ ደበዘዘ።

በፈሳሽ ሳሙና ታጠበ፣ አልለቀቀም። በጋዜጣ ተወለወለ። የመስታወት ማጽጃም ተገዛ። እርጥብ ሲሆን ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። በረኪናም ምንም አልፈየደ።

ለካ አቧራ አይደለም፣ ኖራ ነው። የድሬ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል። አትክልት ሲጠጣ ከጎማው የሚረጨው ውሃ መስታወቱ ላይ ይተናል፤ ካልሲየም ካርቦኔቱ ይቀራል። እሱን የሚያሟሟው አሲድ ነው።

ስለዚህ አቼቶ። ነጩን፣ ውሃ ሳልጨምር፣ ጨርቅ ነክሬ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። እንዳይደርቅ በላዩ ፌስታል። ፀሐይ ሳያርፍበት በጠዋት ቢሆን ይሻላል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ በለስላሳ ስፖንጅ አሸሁት፤ ወፍራም የጋገረበትን ደገምኩ። ከታጠበ በኋላ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ግድ ነው። በራሱ ይድረቅ ካላችሁት ያው ውሃ ያንኑ ኖራ ይተዋል።

በረኪና የነካው መስታወት በደንብ ሳይታጠብ አቼቶ እንዳታስነኩት፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የመስኮቱ ደፍ እብነ በረድ ከሆነም ሸፍኑት፣ አቼቶ ይበላዋል። ጎማውን አሁን ሥሩ ላይ ብቻ ነው የምንለቀው፣ ያውም ቀስ አድርገን።