ለኮሚዩኒቲ የግሩፕ ቻት ስትመርጡ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በቀደም አንድ ልጅ ኮሚዩኒቲ ልጀምር ነው የትኛው አፕ ይሻላል አለኝ። ስንት ሰው ነው፣ ይተዋወቃሉ ወይ፣ የምታወሩት ነገር በኋላ ተመልሶ የሚፈለግ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው አንዱንም አላሰበበትም፣ አፑን ግን መርጦ ጨርሷል፣ ከኔ የፈለገው አበጀህ እንድለው ነው። ይሄን ነገር ደጋግሜ ስላየሁት አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ የስልክ ቁጥርን ነገር አለማሰብ ነው። ግሩፑ የጓደኛሞች ከሆነ ችግር የለውም፣ ሁሉም የሁሉም ቁጥር አለው። ግን ሊንኩን ያገኘ ሁሉ የሚገባበት ግሩፕ ቁጥር በሚያሳይ አፕ ላይ ስትከፍቱ የሰዉን ሁሉ ቁጥር ለማታውቁት ሰው እያደላችሁ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ሦስት መቶ ምናምን ሰው ያለበት የመማሪያ ግሩፕ ነበረኝ፣ አፑን የመረጥኩት ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ስላለው ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አላየሁም። ሁለት ወር ሳይሞላ አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፣ ከግሩፑ አንድ ሰውዬ ቁጥሯን ወስዶ ማታ ማታ እየደወለ መቀመጫ አሳጥቷታል። ወዲያው አስወጣሁት፣ ግን ማስወጣቱ ለሷ ምን ይፈይዳል፣ ቁጥሩን እንደሆነ ይዞታል፣ እሱን ብሎክ ስታደርገው በሌላ ሲም ይደውላል። መጨረሻ ላይ ቁጥሯን ቀየረች፣ ግሩፑንም ለቀቀች። ከዛ በኋላ ዝም ብለው የወጡ ሌሎች ሴቶችን ስጠይቅ ምክንያታቸው ያው ሆኖ አገኘሁት። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ አልጠየቅኩም፣ ዋጋውን የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የማይተዋወቁ ሰዎችን ልትሰበስቡ ከሆነ መጀመሪያ ይሄን እዩ። ዲስኮርድ ላይ ሰው የሚያየው ዩዘርኔማችሁን ነው። ቴሌግራም ላይ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ ሴቲንግ ውስጥ መወሰን ይቻላል፣ ግን አዲስ የገባ ሰው ይሄን ላያውቅ ስለሚችል አሠራሩን ጽፋችሁ ፒን አድርጉት። ሲግናልም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ዩዘርኔም አለው፣ ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ላልያዘ ሰው ካልፈቀዳችሁ አያሳይም።

ቴሌግራም ሚስጥር ይጠብቃል ብሎ ግሩፕ ላይ ሁሉን መዘርገፍ ሌላው ነው። ከላኪና ከተቀባይ ውጪ ማንም እንዳያነበው ተደርጎ የሚቆለፈው የሁለት ሰው ሚስጥራዊ ቻት ብቻ ነው፣ ግሩፑ እንደዛ አይደለም። ዋትሳፕና ሲግናል ግሩፑንም ይቆልፋሉ። ግን ሊንኩ ለሁሉ ክፍት ከሆነ የትኛውም ቁልፍ አያድናችሁም፣ ገብቶ ስክሪንሾት የሚያነሳውን ሰው ያስገባችሁት እናንተው ናችሁ።

ብዛት ላይም ሰው ይሳሳታል። ሲግናል 1,000፣ ዋትሳፕ 1,024፣ ቴሌግራም 200,000 ሰው በአንድ ግሩፕ ይይዛል፣ ይሄን አይቶ ትልቁን የሚመርጥ አለ። ጥያቄው ግን መያዙ ሳይሆን መነበቡ ነው፣ አምስት መቶ ሰው በአንድ መስመር ሲያወራ የጠዋቱ ጥያቄ ማታ አይገኝም፣ ሰዉም ሚውት አድርጎ ይረሳዋል። ወሬን በርዕስ የሚከፋፍል ነገር ያስፈልጋል፣ ቴሌግራም ላይ ቶፒክስ አለ፣ ዲስኮርድ ላይ ቻናሎች፣ ዙሊፕ የሚባለው የቻት አፕ ደግሞ ከነጭራሹ የተሠራው በርዕስ ነው። ግን ለአርባ ሰው ሃያ ቻናል አትክፈቱ! ባዶ ክፍል ያየ ሰው አይጽፍም። በሁለት ሦስት ጀምሩ።

የድሮ ወሬ የት እንደሚደርስ ሳይጠይቁ መግባትም አለ። ለምሳሌ ስላክ የሚባለው የሥራ ቻት አፕ ነፃው ፕላኑ የሚያሳያችሁ የመጨረሻዎቹን 90 ቀናት ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ዓመት ያለፈውን ጨርሶ ያጠፋል። ለአጭር ፕሮጀክት ምንም አይልም፣ ሰው ተመልሶ መልስ ለሚፈልግበት ኮሚዩኒቲ ግን አይሆንም። አፕ ራሱ ይዘጋል እኮ፣ ስካይፕን የሚያክል ነገር እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 ላይ ተዘግቷል። አፑ ወሬውን ኤክስፖርት የሚያደርግ፣ ማለትም አውርዳችሁ እንድታስቀምጡት የሚያስችል መሆኑን ገና ሳትጀምሩ ሞክሩት፣ የቴሌግራም ዴስክቶፕ ያደርጋል።

ሌላው ደግሞ የግሩፑ ኦነር (ባለቤት) አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው፣ ያውም ስልኩ የጠፋበት። ይሄ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አድሚን ቢያንስ ሦስት ይሁን፣ ኦነርነት እንዴት እንደሚተላለፍም ቀድማችሁ እወቁ፣ ቴሌግራም ላይ ለምሳሌ ባለሁለት ደረጃ ፓስወርድ አብርታችሁ ሰባት ቀን ካልሞላው አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ዛሬውኑ አብሩት።

አዲስ አፕ በመጣ ቁጥር ኮሚዩኒቲውን ይዞ መሰደድ የመጨረሻው ነው። በተዛወራችሁ ቁጥር የሚቀር ሰው አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ደግሞ ዝም ብለው የሚያነቡት ናቸው፣ መቅረታቸውም አይታወቅም። የግድ ከሆነ አሮጌውን ግሩፕ አታጥፉት፣ አድሚን ብቻ እንዲጽፍበት አድርጋችሁ የአዲሱን ሊንክ ፒን አድርጉና ለወራት ተዉት፣ እኛ ስንዛወር በአምስተኛው ወር ላይ እንኳን በሱ በኩል የሚመጣ ሰው ነበር።