ድልድይን በድሮን ለመመርመር

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ አጠገብ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የተዘረጋው የኸርናንዶ ደ ሶቶ ድልድይ ዋና የብረት ተሸካሚው ተሰንጥቆ በመገኘቱ በአስቸኳይ ተዘጋ። የሚያስቆጨው ነገር በ2011 ዓ.ም. በድሮን የተቀረጸ ቪዲዮ ተመልሶ ሲታይ ስንጥቁ እዚያው መታየቱ ነው። ካሜራው ያነሳውን ጉዳት ሰው አስተውሎ ካላየው በረራው ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ምን መታየት እንዳለበት በመወሰን ነው። በኮንክሪት ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ስንጥቅ ለመለየት ከተፈለገ፣ በምስሉ ላይ አንድ ፒክስል (ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች አንዱ) የሚሸፍነው ስፋት ከዚያ መብለጥ የለበትም። ዙም የሌለው፣ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ)፣ 20 ሜጋፒክስል ካሜራ በ5 ሜትር ርቀት ላይ በአንድ ፒክስል 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ለ0.3 ግን እስከ 1 ሜትር መጠጋት ይኖርበታል። ያን ያህል መጠጋት አደገኛ በመሆኑ ዙም ሌንስ ያለው ድሮን መምረጥ ይሻላል። በአገራችን የበረራ ፈቃድ ቀድሞ ማለቅ አለበት፤ እንደ አባይ በረሃ ባለ ጥልቅ ሸለቆ ደግሞ ነፋሱ ሳይበረታ በማለዳ መብረር ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የድልድዩ ሥር ነው። ጂፒኤስ እዚያ ይደክማል፤ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮም ኮምፓሱን ያሳስታል። ግንኙነት ሲቋረጥ ወደ መነሻው እንዲመለስ የተቀናበረ ድሮን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከድልድዩ ወለል ጋር ይላተማል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ ባለበት አየር ላይ እንዲቆም ቅንብሩ መለወጥ አለበት። አብራሪው ዓይኑን ከድሮኑ ሳይነቅል፣ መሐንዲሱ በስክሪኑ ላይ የዝገት ፈሳሽ የተወውን ቡናማ መስመር፣ ከስንጥቅ የወጣውን ነጭ ጨው፣ የተላጠውን ኮንክሪትና የተጋለጠውን ፌሮ ይከታተል።

ውስጡ የተለያየ ኮንክሪት በመዶሻ ሲመታ የሚያሰማውን ባዶ ድምፅ ድሮን አይሰማም፤ ጎርፍ የቦረቦረውን መሠረትም ውኃ ውስጥ ገብቶ አያይም። እነዚህ አሁንም በሰው እጅና በጠላቂ ይሠራሉ።

ፎቶዎቹ በምሰሶ ቁጥርና በአቅጣጫ ተሰይመው ይቀመጡ፤ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻ አይተው በያሉበት ምልክት ያድርጉ። በሰኔ የተነሳው ቦታ ክረምቱ ሲያልፍ ከዚያው ርቀትና ማዕዘን ዳግም ቢነሳ፣ ስንጥቁ መስፋቱ ጎን ለጎን ሲታይ ይታወቃል።